ለነገሌዋ ተማሪዬ ያልመለስኩት ጥያቄ



ሰሞኑን አንዲት የነገሌ ቦረና የድሮ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከችልኝ። አሜሪካዊቷ አብራሪ አሚሊያ ኤርሃርት ከመጨረሻው በረራዋ በፊት አውሮፕላኗ አጠገብ ፎቶ ስትነሳ ያሳያል። የፎቶ አንሺው ወንድም የቀረጸው የ3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ፊልም ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ ወጣ። ልጅቷ ከሥሩ «መምህር፣ ያኔ የነገሩን ሴትዮ ይቺ አይደለችም?» ብላለች።

እሷው ናት። ነገሌ ሳስተምር አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ክፍሉ ሁሉ ወደ መስኮት ይሮጥ ነበር። አንድ ቀን ይህችው ልጅ «ሴትም ታበራለች?» አለችኝ። ኤርሃርትን ነገርኳት። «የኛ አገር ሴትስ?» ስትለኝ ግን እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። የታሪክ መምህር ሆኜ ሙሉመቤት እምሩን አላውቃትም ነበር!

ዘግይቶም ቢሆን ልመልስ። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ያበረረውም ፈረንሳዊ። ብዙም ሳይቆይ እነ አስፋው አሊ አብራሪ ሆኑ፣ ሙሉመቤትም በረራ መማር ጀመረች። ትምህርቷን ያቋረጠው የጣሊያን ወረራ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ የማን እንደነበር ነገሌ ታውቃለች። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ገናሌ ወንዝ ዳር፣ መልካ ዲዳ ላይ፣ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በአውሮፕላን ተደበደበ። በራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ወረደ። በጥምቀት ሰሞን ነገሌ ተያዘች። ግራዚያኒ በዚህ «የነገሌ ማርኪስ» ተባለ፤ ጣሊያኖች አንድ ሰርጓጅ መርከብም በከተማዋ ስም ጠሩ። (ነገሌንና ባሕርን ምን አገናኛቸው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ።)

ያኔ በክፍል ውስጥ ያልነገርኳችሁ ሌላም አለ። ኤርሃርት ዓለምን ልትዞር ተነስታ በሰኔ 1929 ከካርቱም ምጽዋ፣ ከምጽዋ አሰብ በርራለች። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ገና 4 ወር መሆኑ ነው፤ ራስ ደስታም የተገደሉት በዚያው የካቲት ነው። ሙሉመቤትን ከበረራ ያስቀራት መንግሥት ለኤርሃርት ማረፊያ ፈቀደላት። በሴትዮዋ አልፈርድም፤ 3 ሳምንት ሳይሞላት ፓስፊክ ላይ ጠፍታ ቀረች።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ጻፍኩላትና የሙሉመቤትን ፎቶ አያይዤ ላክሁ። ወዲያው መለሰችልኝ፦

«ቪዲዮውስ፣ መምህር?»