የጠባቡ ጀልባ ምድጃ ለምን ያኮርፋል? ከ1761 የሚጀምር የናፍጣ እሳት ታሪክ

መካከለኛው እንግሊዝ ውስጥ፣ በሰው እጅ በተቆፈረ የውሃ ቦይ ዳር የታሰረ አንድ ረጅም ጀልባ አስቡ። ወሩ ጥር ነው። የጀልባው ርዝመት 20 ሜትር አካባቢ ሲሆን ወርዱ ግን 2 ሜትር ከትንሽ ነገር ብቻ ነው። አውቶቡስ እንኳ ከሱ ይሰፋል። ውስጡ ሰው ይኖርበታል፤ አልጋ አለ፣ ወጥ ቤት አለ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ። ጥግ ላይ ደግሞ በናፍጣ የሚነድ ትንሽ የብረት ምድጃ ተተክሏል። ውጭ የቦዩ ውሃ ላዩ በረዶ ሠርቷል። ምድጃው ግን ዛሬ አኩርፏል፤ ነበልባሉ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ መስታወቱ ጥላሸት ለበሰ፣ ከዚያ እሳቱ ጭራሽ ጠፋ።

ታዲያ ችግሩን ከየት ጀምሮ ነው የሚፈልጉት? መፍቻ ከማንሳታችን በፊት ወደ ታሪክ ብንሄድ ይሻላል። ምክንያቱም ይህ ምድጃ የሚታመምባቸው አብዛኞቹ በሽታዎች ጀልባው ጠባብ፣ ረጅምና ዝቅ ያለ ከመሆኑ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጀልባው እንዲህ እንዲሆን የተወሰነው ደግሞ ከ250 ዓመት በፊት ነው።

ጀልባው ለምን ጠበበ?

ዓመቱ 1761 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የብሪጅዋተር መስፍን የነበረው ፍራንሲስ ኤገርተን ወርስሊ በሚባል ቦታ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበረው። ከሰሉን የምትፈልገው የማንችስተር ከተማ ሩቅ አይደለችም፤ ችግሩ መንገዱ ነው። አንድ ፈረስ በጀርባው የሚሸከመው ከ1 ኩንታል ብዙም አይበልጥም። ያው ፈረስ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ጀልባ በገመድ ሲጎትት ግን 25 ወይም 30 ቶን ማንቀሳቀስ ይችላል። በኩንታል ስንቆጥረው 250 ወይም 300 ማለት ነው! መስፍኑ ጀምስ ብሪንድሊ የተባለ መሐንዲስ ይዞ ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ ሲከፈት ማንችስተር ውስጥ የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። ይህን ያየ ሁሉ ቦይ ማስቆፈር ጀመረ።

ግን ቦይ ኮረብታ ሲያጋጥመውስ? ውሃ ሽቅብ አይወጣም። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ በር ያላቸው የድንጋይ ገንዳዎች ይሠራሉ። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል ወይም ይለቀቃል፤ ጀልባውም እንደ ሊፍት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ገንዳው ሰፊ ከሆነ በየጊዜው የሚፈሰው ውሃ ብዙ ነው፤ የሚጠይቀው ድንጋይና ገንዘብም እንደዚያው። ብሪንድሊ በ1766 ሥራው የተጀመረውን የትሬንትና የመርሲ ቦይ ሲነድፍ አብዛኞቹን ገንዳዎች ወደ 2.1 ሜትር ወርድና ወደ 22 ሜትር ርዝመት ወሰናቸው። ድልድዮቹና ዋሻዎቹም ዝቅ ያሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዚያ መስመር ማለፍ የፈለገ ጀልባ ሁሉ ጠባብ፣ ረጅምና ዝቅ ያለ መሆን ነበረበት። እነዚህን ሦስት ቃላት አትርሷቸው፤ ወደ ምድጃው ስንመለስ ያስፈልጉናል።

ከድንጋይ ከሰል ወደ ናፍጣ

ከ1830ዎቹ ጀምሮ ባቡር መጣና የጀልባዎቹን ገበያ ነጠቀ። ጀልባ ነጂዎች ገቢያቸው ሲያሽቆለቁል የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። መፍትሔያቸው ሚስትና ልጆችን ይዞ ጀልባው ላይ መኖር ሆነ፤ ቤተሰቡ እግረ መንገዱን ደመወዝ የማይከፈለው ሠራተኛ ሆነ። መኖሪያቸው ከጀልባው ኋላ ያለች 3 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ክፍል ናት። የቀረው ቦታ የጭነት ነው። በዚህች ክፍል ውስጥ ምግብ የሚበስልበትና ሙቀት የሚገኝበት አንድ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ነበር።

ሰው በሰው ላይ ተጨናንቆ፣ እሳት እየነደደ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ማደር ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ሰው ስለ ጀልባ ልጆች ኑሮ ያለመታከት ከጮኸ በኋላ በ1877 የብሪታንያ ፓርላማ የቦይ ጀልባዎችን ሕግ አወጣ። ሰው የሚኖርበት ጀልባ እንዲመዘገብ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ማደር እንደሚችል እንዲወሰን፣ አየር ማስገቢያም እንዲኖር ተደረገ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረሱ ቀስ በቀስ በሞተር ተተካ። በ1948 አብዛኞቹ ቦዮች የመንግሥት ሆኑ። ከዚያ የ1962–63 ብርድ መጣ፤ ቦዮቹ ለሳምንታት በበረዶ ተቆለፉ፣ ጭነት የያዙ ጀልባዎች ባሉበት ቀሩ። ቀድሞውንም ሲዳከም ለነበረው የጭነት ንግድ ይህ የመጨረሻው ምት ነበር ማለት ይቻላል። ጀልባዎቹን ከመረሳት ያዳናቸው ሌላ ነገር ነው። ቶም ሮልት የተባለ መሐንዲስ በ1944 ስለ ጠባብ ጀልባ ሕይወት መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1946 ደግሞ ቦዮቹን ለማዳን የሚታገል ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ በእነዚያ ቦዮችና በወንዞቹ ላይ በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ ጀልባዎች አሉ፤ በብዙዎቹ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይኖራል።

አሁን ለምን ናፍጣ? መልሱ ቀላል ነው። የድንጋይ ከሰል ጆንያ መሸከም አለበት፣ አመድ መጥረግ አለበት። ናፍጣ ግን ለሞተሩ ሲባል ድሮም ታንኩ ውስጥ አለ። ከዚያው ቀጭን ቱቦ ስቦ ምድጃ ማንደድ ነው።

እሳቱ እንዴት ይሠራል?

አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ፈሳሹ ናፍጣ ራሱ አይነድም፤ የሚነደው ትነቱ ነው። በክብሪት ነበልባል የሚያያዝ በቂ ትነት ለመስጠት ናፍጣ በአብዛኛው ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ ይኖርበታል። ቤንዚን አደገኛ የሆነው በብርድም ቢሆን ስለሚተን ነው። (ሁለቱንም እንዳትሞክሩ!)

የጀልባው ምድጃ ሆድ ውስጥ የብረት ድስት አለ። ናፍጣው ከታች በኩል በጠብታ ይገባል፣ የጋለው ድስት ያተነዋል፣ በድስቱ ግድግዳ ላይ በተደረደሩት ቀዳዳዎች አየር ይገባና ከትነቱ ጋር ይቀላቀላል። የጠብታውን መጠን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ውስጡ ተንሳፋፊ አለው፤ ልክ በሽንት ቤት የውሃ ሳጥን ውስጥ እንዳለው ዓይነት። በጣም በተለመደው ዓይነት ምድጃ ውስጥ ማራገቢያ የለም። ነዳጁን የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው። አየሩን የሚስበው ደግሞ ጭስ ማውጫው ነው፤ በውስጡ ያለው ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተካል።

እንግዲህ ሚስጥሩ ይህ ነው፤ ምድጃው የሚኖረው በሁለት መንገዶች ነው። አንዱ ነዳጅ የሚመጣበት፣ ሌላው አየር የሚሄድበት። ብልሽት ፈላጊ ሁለቱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተላል።

የነዳጁን መንገድ እንከተል

ነበልባሉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነዳጁ ነው። ጀልባው *ረጅም* ነው ብለን የለ? የናፍጣ ታንኩ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ጫፍ፣ ሞተሩ አጠገብ ነው፤ ምድጃው ደግሞ ከፊት ሊሆን ይችላል። ነዳጁ በክብደቱ ብቻ ይህን ሁሉ ሜትር እንዲጓዝ ታንኩ ከምድጃው ቫልቭ ከፍ ማለት አለበት። ታንኩ እየጎደለ ሲሄድ የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ «ታንኩ እኮ ግማሽ አለው!» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም።

ቀጥሎ ቱቦው። መሃል ላይ ጉብ ያለ ቦታ ካለው አየር እዚያ ይታሰርና ናፍጣውን ያግደዋል። ቀጥሎ ፊልትሮው። በቀዝቃዛ ሌሊት የታንኩ ባዶ ክፍል ግድግዳ ላይ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ወለል ላይ ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ፤ የሚሠሩት ዝቃጭ ፊልትሮውን ይደፍናል። አዎ፣ ናፍጣ ውስጥም ሕይወት አለ! ብርዱ ከበረታ ደግሞ ናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም መሰል ነገር መርጋት ይጀምራል።

አሁን *ጠባብ* የሚለውን አስታውሱ። ጠባብ ጀልባ በቀላሉ ያዘነብላል። የመጠጥ ውሃው ጋን ብዙውን ጊዜ ከፊት ስለሆነ ውሃው ሲያልቅ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ከባድ ዕቃ በአንድ ወገን ከተከመረ ወደ ጎን ያጋድላል። ተንሳፋፊ ያለው ቫልቭ ግን ቀጥ ብሎ ካልቆመ ልኩን ይስታል። ብልሃተኛ ሰው ቫልቩን ከመፍታቱ በፊት የውሃ ልክ አምጥቶ ይለካል።

የአየሩንም መንገድ

አየር ስል ቦሌ ያለውን አየር መንገድ ማለቴ አይደለም። ነበልባሉ ቢጫና ሰነፍ ከሆነ፣ ጥላሸት ከበዛ፣ ነዳጁ ደርሷል ነገር ግን አየር አጥሮታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቃላችን *ዝቅ ያለ* ነበር። የድሮዎቹ ድልድዮች ዛሬም በቦታቸው አሉ። ከሥራቸው ለማለፍ የጀልባ ጭስ ማውጫ አጭር ወይም የሚነቀል መሆን ግድ ነው። አጭር ጭስ ማውጫ ደግሞ የሚስበው አየር ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ብዙ ባለ ጀልባዎች ጀልባቸው ሲቆም ተጨማሪ ቱቦ የሚቀጥሉት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተጠረበ ድንጋይ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ምድጃ ላይ ጥላሸት ያመጣል ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ሌላም አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ምድጃውን ቀኑን ሙሉ በትንሹ ማንደድ ድስቱን በሚገባ አያግለውም። ትነቱ በከፊል ብቻ ይነድና ጥላሸት ይሆናል፤ ጥላሸቱ ይደርቅና የነዳጁን መግቢያ ይደፍናል። ያኔ የአየሩ ችግር የነዳጅ ችግር መስሎ ይታያል። ሁለቱን መንገዶች አብሮ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የማይታየው አደጋ

የጥላሸት ነገር የጽዳት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀ። አየር ያጠረው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ «ልተኛ» ይላል፤ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አስገብቶ መተኛት ለምን እንደሚገድል እናንተም ሰምታችኋል፤ ገዳዩ ይኸው ጋዝ ነው።

በ1890ዎቹ ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ ሳይንቲስት በከሰል ማዕድን ፍንዳታ ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚገድላቸው ይኸው ጋዝ መሆኑን አሳየ። ትናንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው ስለሚጎዱ ለማስጠንቀቂያ እንዲያገለግሉም ሐሳብ አቀረበ። ካናሪ የምትባለው ወፍ በብሪታንያ ማዕድን ቤቶች እስከ 1986 ድረስ ይህን ሥራ ሠርታለች። ዛሬ ቦታዋን የያዘው የኤሌክትሮኒክስ ደወል ነው። ከ2019 ወዲህ በብሪታንያ ቦዮች ላይ መኝታ ያላቸው ጀልባዎች የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል እንዲኖራቸው የደህንነት ደንቡ ያስገድዳል። የ1877ቱ ሕግና የ2019ኙ ደንብ ለአንድ ችግር የተሰጡ ሁለት መልሶች ናቸው።

ስለዚህ ያ ምድጃ በጥር ሌሊት ሲጠፋ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ደወሉ ከጮኸ ወይም ራስ ካመመ መፍቻውን ትቶ ወደ ውጭ መውጣት። ካልሆነ ነዳጁን መዝጋትና ድስቱ በደንብ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ። በጋለ ድስት ላይ ናፍጣ መልቀቅ ክፍሉን በትነት ይሞላና እንደገና ሲለኮስ በአንዴ ቦግ ይላል። ድስቱ ውስጥ የተጠራቀመውን መጥረግ። ከዚያ ከታንኩ እስከ ድስቱ፣ ከአየር ማስገቢያው እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ መከተል። በመጨረሻም፣ ብርዱ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ አየር ማስገቢያውን በጨርቅ አለመድፈን።

የመጨረሻው ለመፈጸም ከሁሉም ይከብዳል። የበረደው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቀዳዳ መድፈን ነውና። በእናንተ ቤትስ? እሳት የሚነድበት ክፍል ካለ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ዛሬውኑ ፈልጉት።