ባለቤትዎ ሲያንኮራፉ ከድምፁ ይልቅ ዝምታውን ያድምጡ

በአንድ አልጋ ከሚተኙ ባልና ሚስት አንዱ ሲያንኮራፋ እንቅልፍ የሚያጣው ሌላው ነው። የሚያንኮራፋው ሰው ራሱን አይሰማም፤ ጠዋት ሲነገረው ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። በብዙ ቤት ነገሩ በዚሁ ያልፋል። ማንኮራፋትን የድካም፣ አልፎ አልፎም የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አድርጎ የሚወስድ ብዙ ነው። ከማንኮራፋት ጀርባ ግን ትንፋሽን የሚያቋርጥ ሕመም ሊኖር ይችላል። ይህን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከሐኪም ቀድሞ የሚያየው አጠገብ የሚተኛው ሰው ነው።

ማንኮራፋት ከምን ይመጣል?

ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎቹ ይላላሉ። ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ላንቃና እንጥልም የአየር መተላለፊያውን ያጠብቡታል። አየሩ በጠበበው ቦታ ሲያልፍ እነዚህን ለስላሳ አካላት ያርገበግባቸዋል፤ የምንሰማው ድምፅ ይህ ነው። የአፍንጫ መታፈን፣ በጀርባ መተኛት፣ የሰውነት ክብደት መጨመርና የአልኮል መጠጥ ያባብሱታል።

መተላለፊያው ከመጥበብ አልፎ ሲዘጋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ደረትና ሆድ ይታገላሉ፤ አየር ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። አንጎል ይህን ሲረዳ ሰውየውን ለቅጽበት ያባንነዋል፤ ጉሮሮው ተከፍቶ በኃይል ይተነፍስና መልሶ ያንቀላፋል። ሲነጋ ይህን አያስታውስም። ሕመሙ በሕክምና ስሊፕ አፕኒያ ይባላል።

ትንፋሽ ተቋረጠ የሚባለው ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆም ነው። ትንፋሹ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚቋረጥ ወይም በእጅጉ የሚቀንስ ሰው ሕመሙ ከባድ ከሚባለው ደረጃ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሰባት ሰዓት ቢተኛ በአንድ ሌሊት ከ200 ጊዜ በላይ ታፍኗል ማለት ነው። በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ ችግር እንዳለባቸው ያመለክታል።

ሌሊት ምን ይታዘቡ?

ዋናው ምልክት የድምፁ ማየል ብቻ አይደለም። ኩርፊያው በድንገት ጸጥ ካለ፣ ደረቱ እየተንቀሳቀሰ ትንፋሽ ካልተሰማ፣ ከዚያም ሰውየው በማቃሰት ወይም በመታነቅ ድምፅ ከተነፈሰ ልብ ይበሉ። ታፍኖ መባነን "ዱካክ ነው" ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፤ ደጋግሞ ከመጣ ግን መመርመር ይገባዋል።

ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደቆየና ሰውየው በጎኑ ወይም በጀርባው ተኝቶ እንደነበር ይመዝግቡ። ተንቀሳቃሽ ስልክ ካለዎት ድምፁን ይቅረጹ። ይህ ለሐኪም ትልቅ ማስረጃ ነው።

ቀን የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። በቂ ሰዓት ተኝቶ ደክሞ መነሣት፣ የጠዋት ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሣት፣ መርሳት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ተቀምጦ ማንቀላፋት ይጠቀሳሉ።

ስምንቱ ጥያቄዎች

ሐኪሞች በብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ባለ ስምንት ጥያቄ መለኪያ አለ፦

1. በር ተዘግቶ እንኳ የሚሰማ ማንኮራፋት አለ?
2. ቀን ቀን ድካም ወይም እንቅልፍ ይጫጫነዋል?
3. ትንፋሹ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ?
4. የደም ግፊት አለበት?
5. ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲመዛዘን እጅግ በዝቷል?
6. ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ነው?
7. የአንገቱ ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል?
8. ወንድ ነው?

ሦስትና ከዚያ በላይ "አዎ" የሚል መልስ ካለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ይህ ግን ሴቶችና ቀጫጭን ሰዎች አይታመሙም ማለት አይደለም። መንጋጋው አነስ ያለ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ቀጭን ሰውም ሊታመም ይችላል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ችግሩ ይጨምራል። በእርግዝና ወቅት የጀመረ ማንኮራፋት ከደም ግፊት ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ለክትትል ባለሙያዋ መነገር አለበት።

ችላ ቢባልስ?

ሕክምና ያላገኘ ስሊፕ አፕኒያ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመም፣ ከስትሮክና ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው አደጋ መንገድ ላይ ነው። መኪና ወይም ባጃጅ የሚያሽከረክር፣ በትራክተር የሚያርስ ወይም በመውቂያ ማሽን የሚሠራ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ቢያንቀላፋ ጉዳቱ ለራሱም ለሌላውም ይተርፋል።

እንዴት ይነገር?

ማንኮራፋት በእንግዳ ፊት መቀለጃ ሲሆን ሰውየው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ይሆናል። ስለዚህ ብቻችሁን ስትሆኑ በእርጋታ ይንገሩ። "አላስተኛ አልከኝ" ከማለት ይልቅ "ትንፋሽህ ሲቋረጥ ሰምቼ ፈራሁ" ማለት ይሻላል። እንቅልፍ ካጡ ሌላ ክፍል ቢተኙ ነውር የለውም፤ ነገር ግን መኝታ መለየት ሕመሙን አያክምም።

በቤት የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

በጎን መተኛት ብዙዎችን ይረዳል። በጀርባው የሚገለበጥ ሰው በሌሊት ልብሱ ጀርባ ላይ ትንሽ የጨርቅ ኳስ ቢሰፋለት ወደ ጎኑ ይመለሳል። አልጋውን በራስጌ በኩል ከፍ ማድረግም ያግዛል። ጠላም ሆነ አረቄ ወይም ቢራ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሰዓታት አይጠጣ። ሲጋራን መተውና የበዛ ክብደትን መቀነስ ይጠቅማል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ መድኃኒት መውሰድ ግን የትንፋሹን መቋረጥ ሊያባብስ ይችላል።

በባህላዊ መንገድ እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ ሕመም መድኃኒት አይደለም። ለመድማት፣ ለቁስል ማመርቀዝና ለቴታነስ ያጋልጣል። ሁልጊዜ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃንም ቶንሲሉ አብጦ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጤና ተቋም ሲደርሱ

ከተቻለ ሁለታችሁም ሂዱ፤ ያየው ሰው ይናገር። በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ የደም ግፊት፣ ክብደትና ጉሮሮ ይታያል። አስፈላጊ ሲሆን ወደ ውስጥ ደዌ ወይም ከአንገት በላይ ሐኪም ይላካል። ሕመሙን በርግጠኝነት የሚለየው በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽንና ኦክስጅንን የሚከታተል ምርመራ ነው፤ ይህ በሁሉም ሆስፒታል ስለማይገኝ የት እንደሚሰጥ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ቶንሲል ማውጣት፣ መንጋጋን ወደ ፊት የሚይዝ የአፍ መሣሪያ መጠቀም ወይም ክብደት መቀነስ ሊሆን ይችላል። ለከባዱ ሕመም ዋነኛው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ ነው፤ በ1981 በአውስትራሊያ በሐኪሙ ኮሊን ሱሊቫን የተዋወቀ ሲሆን፣ በጭምብል አማካይነት አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰውም ትንፋሹ እንደሚቋረጥ ለማደንዘዣ ባለሙያው ማሳወቅ አለበት።

የተኛ ሰው ስለ ራሱ ሊመሰክር አይችልም። ዛሬ ሌሊት ኩርፊያው ጸጥ ሲል ፊትዎን ወደ ግድግዳ ከማዞርዎ በፊት ትንፋሹ እስኪመለስ ይቁጠሩ። 10 ከደረሱ ጠዋት ተነጋገሩበት።