ፋርማሲው ቢፈርስስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤታችንን ለእንግዳ ስንጠቁም «ከታክሲ ወርደሽ፣ ፋርማሲውን አልፈሽ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርሺ ደውዪልኝ» እንላለን። እውነተኛው አድራሻ «ደውዪልኝ» የምትለዋ ናት። ፋርማሲው ቢፈርስስ? ስልኩስ ባይሠራ? ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010) የሄይቲን ዋና ከተማ ፖርት ኦ ፕራንስን የገጠማት ይኸው ነው።

በፊት ግን ስለ ጂፒኤስ ጥቂት እንበል። ሳተላይቶቹን ያመጠቀው የአሜሪካ ጦር ነው፤ ለእርዳታ ብሎም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 መንገድ የሳተ የኮሪያ አውሮፕላን በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶ 269 ሰው ሲያልቅ፣ የሬጋን መንግሥት ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎችም በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሰጠ፤ ግን አደብዝዞ። ሆን ተብሎ በሚጨመር ስህተት የተነሣ የሲቪሉ መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይስት ነበር። መቶ ሜትር በእናንተ ሰፈር ስንት ቅያስ እንደሆነ ቁጠሩት! ማደብዘዙ የቀረው በክሊንተን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ነው።

እንግዲህ ሄይቲ በ7.0 መጠን ስትናወጥ መሣሪያውም ነበረ፣ ጥራቱም ነበረ። የጠፋው ካርታው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ዋና መሥሪያ ቤት ሳይቀር ፈርሷል። ከውጭ የደረሱት ነፍስ አድን ቡድኖች የያዙት ጂፒኤስ የቆሙበትን ነጥብ በቁጥር ይነግራቸዋል፤ መንገዱ ማን እንደሚባልና ወዴት እንደሚያወጣ ግን ዝም። ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው፣ ማንም ገብቶ በሚሞላው ነፃ ካርታ ላይም ከተማዋ ባዶ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀራት።

የሳተላይት ድርጅቶች ፎቶ ለቀቁ። በየአገሩ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸው ላይ ተተክለው፣ ፎቶው ላይ የሚታየውን መንገድ እየተከተሉ ሳሉት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ካርታው በእጅ በሚያዙ የጋርሚን ጂፒኤሶች ላይ እየተጫነ ፍርስራሹ መሐል ገባ።

ፎቶ ግን ስም አያውቅም። ሰዉ በነፃ ወደ 4636 የሚልከው የስልክ መልእክት ደግሞ በክሪኦል ነው፤ አድራሻውም እንደኛው «ከእገሌ ጀርባ»። እዚህ ላይ ነው አሜሪካና ካናዳ ያለው የሄይቲ ዲያስፖራ የደረሰው። መልእክቱን ተረጎሙ፤ ያደጉበትን ሰፈር ስለሚያውቁትም «ከእገሌ ጀርባ» የተባለውን ቦታ ካርታው ላይ ፈልገው ወደ ጂፒኤስ ቁጥር ለወጡት። ቦስተን ያሉ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መልእክቶቹን ካርታ ላይ የሰበሰቡበት ኡሻሂዲ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ የጎረቤታችን የኬንያ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከምርጫ በኋላ በተነሣው ብጥብጥ መሐል የተወለደ፤ ስሙ በስዋሂሊ «ምስክርነት» ማለት ነው።

ተአምር አናድርገው። ብዙዎቹ መልእክቶች ከፍርስራሽ ሥር አልነበሩም፤ ውሃና ምግብ የሚለምኑ ነበሩ። ካርታ ላይ ነጥብ መሆን ደግሞ ጥም አይቆርጥም፤ ውሃውን ጭኖ የሚመጣ መኪና ያስፈልጋል።

ይህን ስንጽፍ የየራሳችንን ሰፈር ከፍተን አየን። የአንዳችን መንገድ ስም የለውም። ወፍጮ ቤቱ ግን አለ፤ ማን እንዳስገባው ጠይቀን አላገኘንም።