ነፋስ የሚጠበቅበት ቀን

ስሙኝማ፣ ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ የታኅሣሥ ቀን ነው። አገሩ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና ወጣ ብሎ፣ ጮቄ ተራራ ከሩቅ የሚታይበት የጤፍ ማሳ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። የቀረው ውቂያው ነው።

ቀኑን መምረጥ ራሱ ሥራ ነው። 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፤ ሰንበቱም አለ። በነዚህ ቀኖች በሬ አውድማ አይገባም። በመሐል የተገኘችውን ቀን አባወራው ይይዝና ለጎረቤት ይናገራል። ሰዉ የሚመጣው በወንፈል ነው፤ ዛሬ እኔ ዘንድ፣ ነገ አንተ ዘንድ። ደቦ ቢሆን ድግሱ ይከብድ ነበር። የወንፈል ብድር ግን የሚመለሰው በጉልበት ነው፤ ማን ማን ዘንድ እንደዋለ ደግሞ አገር ሁሉ ያውቀዋል።

አውድማው ቀደም ብሎ ተዘጋጅቷል። ሣሩ ተነቅሎ፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። እበቱን በውኃ አላልተው በመዳፋቸው እየዳበሱ የለቀለቁት ሴቶቹ ናቸው። አንዲት ስንጥቅ እንዳትቀር ደጋግመው ያዩታል። እውነታቸውን ነው፤ በአንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,500 እስከ 3,000 ፍሬ አለ። እንዲህ ያለ እህል ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ማን ይለቅመዋል?

እማወራዋ የተነሣችው ዶሮ ሳይጮህ ነው። የነቢያት ጾም ስለሆነ ወጡ ሽሮና ምስር ነው፤ ተልባም ተቆልቶ ተወቅጧል። ምጣዱ ከተጣደ ጀምሮ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ እሷ ግን በዚያ ጭስ ውስጥ እንጀራዋን እያወጣች መሶቡን ትሞላለች። ጠላው የዛሬ ሥራ አይደለም። ጌሾው ከጓሮ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ጋኑ በወይራ ታጥኖ፣ ጥንስሱ ከተጣለ ሰንብቷል። በሬና መንሽ አይቶ ውቂያን የወንድ ሥራ ብቻ የሚል ሰው ካለ፣ ይህችን ሴት ከሌሊት ጀምሮ ይከተላት እላለሁ።

ላሚቱም ትታለባለች። በጾሙ ወተቱን የሚቀምሱት ሕፃናቱ ብቻ ናቸው። የተረፈው ይረጋል፣ እርጎው በቅል ይናጣል፣ ቅቤው ለገና ይቀመጣል። ልጆቹ በየጠዋቱ ቅሉ አጠገብ ቆመው ታኅሣሥ 29ን ይጠይቃሉ።

ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲደርቅ ክምሩ ይከፈታል። ነዶው አውድማው ላይ ይበተናል፤ በሬዎቹም ይገባሉ። ጎን ለጎን ሆነው ዙሪያውን ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ እየዘፈነ ይነዳል። የበሬዎቹ አፍ አይታሰርም። ኦሪት ዘዳግም ይከለክላል፤ ሕጉን ያላነበበ ገበሬም ይጠብቀዋል። በሬው ጎንበስ ብሎ አንድ ጉርሻ ጭድ ሲያነሣ ማንም አይቆጣውም፤ አርሶ ያመጣው እሱ ነውና። የአንድ ትንሽ ልጅ ሥራ ደግሞ የተለየ ነው። ገለባ በእጁ ይዞ የበሬዎቹን ጭራ ይጠብቃል፤ ጭራ ቀና ያለ እንደሆነ ሮጦ፣ እበቱን እህሉ ላይ ሳይወድቅ ይቀበላል። ያችን ሥራ ሲሰጡት ልጁ ትልቅ ሰው የሆነ ያህል ይሰማዋል፤ እኔ በማንም ልጅ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ትጋት አላየሁም።

ወንዶቹ በመንሽ ጭዱን ያገላብጣሉ፤ በሬዎቹ እንደገና ይዞሩበታል። ጭዱ ሲለሰልስ እየተነሣ ወደ ዳር ይከመራል። መሐል ላይ እህልና እብቅ የተቀላቀለበት ክምር ይቀራል። ከዚህ በኋላ የሰው ጉልበት ምንም አይሠራም። የሚጠበቀው ነፋስ ነው።

እኔ ከቀኑ ሁሉ የምወደው ይህን ሰዓት ነው። በሬዎቹ ተፈትተው ጭድ ይበላሉ። ሰዎቹ ከግራሩ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ጿሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይቀምስ ጠላው ተከድኖ ይቆያል፤ ልጆቹ ብቻ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ጨዋታው ግን ይፈሳል። የማን ጊደር ወለደች፣ የማን ልጅ ከተማ ገባ፣ የማን ድንበር ተገፋ፣ የዘንድሮው ማዳበሪያ ስንት ገባ። ያለ ሥራ እንዲህ በጠራራ ቀን መቀመጥ በሌላ ጊዜ ያሳፍራል፤ ዛሬ ግን ነፋሱ ራሱ ፈቃድ ሰጥቷል። እርቅ የሚጀመረውም እዚህ ነው። የተኳረፉ ሁለት ጎረቤቶች በወንፈል ምክንያት አንድ ጥላ ሥር ይውላሉ፤ እስኪመሽ ዝም መባባል አይቻልም።

«ልጄ፣ ቅጠሉ ተነቃነቀ?» ይላሉ አንዲት አሮጊት ከጥላው ሥር።

«ገና ነው እምዬ፣ ጫፉ ብቻ ነው።»

«ጫፉ ከጀመረ ይወርዳል። አያ፣ እስቲ ጣል አድርገው!»

አያ የተባሉት ሽማግሌ እፍኝ እብቅ አንሥተው ወደ ላይ ይጥሉታል። እብቁ ቀጥ ብሎ እግራቸው ሥር ይወርዳል። ይቀመጣሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጥላሉ፤ አሁን እብቁ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁሉም ብድግ ይላል።

ለጤፍ የሚሆነው ለስላሳ ነፋስ ነው። የበረታ እንደሆነ ፍሬውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ላይዳ የያዘው ሰው እጁን ያውቃል፤ ነፋሱ ሲያይል ዝቅ፣ ሲዝል ከፍ አድርጎ ይበትናል። እብቁ ይሄዳል፣ ጤፉ ከእግሩ ሥር ይወርዳል። ሴቶቹ ከዳር የቀረውን በሰፌድ ያነፍሳሉ። መንገደኛ ሲያልፍ «በረከቱን ያብዛው!» ብሎ ይመርቃል፤ «አሜን፣ ይደረግልን» ይባላል። የቆሎ ተማሪ ከመጣ አኩፋዳው ባዶ አይመለስም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ መሶቡ ይመጣል። እጅ ይታጠባል፣ ይባረካል፣ ይቆረሳል። የውቂያ ቀን ሽሮ የሚጣፍጠውን ያህል ሌላ ቀን አይጣፍጥም፤ ምግቡ ያው ነው፣ የበላው ሰው ነው የተለየው። ጠላው በቅል ይዞራል። እማወራዋም በመጨረሻ ትቀመጣለች፤ «አንቺም ቅመሽ እንጂ» ብለው ያጎርሷታል።

መውቂያ ማሽን የደረሰበት አገር ይህን ሁሉ ባጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ጥሩ ነው እላለሁ፤ በሬውም ያርፋል፣ የሴቶቹ ወገብም ይድናል። በማሽን ቀን ግን ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ያ ሰዓት እንዳይጠፋ ሌላ ቦታ ሊፈለግለት ይገባል። ለዚያ መላ ያለው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሲመሽ ጤፉ በቁና ይሰፈራል። በአህያ ተጭኖ ወደ ቤት ይገባና ጎተራው ይከደናል። ጭዱ ለከብቶቹ ይቀመጣል፤ ከሱም ጥቂቱ በክረምት የፈረሰውን ግድግዳ ለመምረግ ከጭቃ ጋር ይቦካል። እማወራዋ ያደረውን ድፍድፍ አይታ ለነገ ጠላ ትጠምቃለች፤ አባወራው ደግሞ መንሹን ከደጁ ያቆማል። ነገ ተራው የወንዝ ማዶው ጎረቤት ነው፤ በሬዎቹ በጠዋት ይሻገራሉ።