የቅርስ ፎቶግራፍ አነሣሥ፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

አንድ ንዋየ ቅድሳት ቢሰረቅ የማን እንደሆነ ለማስረዳት አስቀድሞ የተነሣ ጥራት ያለው ፎቶግራፍ ከፍተኛ ዋጋ አለው። ቅርስ እንዲመዘገብ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል፤ ለምዝገባ የሚሆን ፎቶግራፍ ለማንሣት ግን ውድ ካሜራ የግድ አይደለም። የብርሃንን ጠባይ ለተረዳ ሰው የእጅ ስልክ ይበቃል።

በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን በቀረው ፍርስራሽ ላይ በድንጋይ የተቀረጹ ጌጦች ይታያሉ። እንዲህ ያለ ቅርጽ በፍላሽ ወይም ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ከተነሣ ጥላው ስለሚጠፋ ልሙጥ መስሎ ይወጣል። ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ግን እያንዳንዱ መስመር ይለያል። ተስማሚውን ሰዓት የሚወስነው ግድግዳው የዞረበት አቅጣጫ ስለሆነ ቦታውን ጠዋትም ከሰዓትም መመልከት ይገባል።

በጨለማ ክፍል ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ እጅ ጥቂት ቢንቀሳቀስ ምስሉ ይደበዝዛል። ስልኩን አስደግፎ በታይመር ማንሣት ይሻላል። በሥዕልና በብራና ላይ ፍላሽ አይበራም።

መስቀል ሲነሣ ከጎኑ ማስመሪያ ይቀመጥ። ከሙሉ ገጽታው ቀጥሎ ስብራቱ፣ ጥገናው፣ ጽሑፉ በቅርበት ይነሣ፤ ከመሰሎቹ የሚለየው ብዙ ጊዜ ይኸው ጉዳቱ ነውና።

ከሁሉ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምስሉ በቴሌግራም ሲላክ ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ ይላክ።