ዝም ማለት

ዝም ማለት አለመናገር ወይም የጀመሩትን ንግግር ማቆም ነው። «ዝም» ለብቻው አይረባም፤ «አለ» የተባለው ግሥ ተሸክሞት ይዞራል፦ ዝም አለ፣ ዝም ትላለች፣ ዝም በል፤ ለታላቅ ሰው ደግሞ ዝም ይበሉ። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ የሚሉትም አሠራራቸው ይኸው ነው። ስለዚህ አማርኛ አንደበቱን የገታውን ሰው እንኳ «አለ» ይለዋል፤ ዝምታውን እንደ አንድ ሥራ ይቆጥርለታል።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። «ጸጥ አለ» ለሰውም ለቦታም ይሆናል። «እረጭ አለ» የሌሊትና የሰፈር ነው። ተገሥጾ ወይም ፈርቶ የሚያቆም «ጭጭ አለ» ይባላል፤ አኩርፎ የማይመልስ ደግሞ «ለጎመ»፤ ይህም ከፈረስ ልጓም ጋር አንድ ሥር አለው።

«ዝም ብሎ» ከዝምታ ርቆ ሄዷል። «ምን ልታደርግ መጣህ?» የተባለ ሰው «ዝም ብዬ» ብሎ ሲመልስ ያለ ምክንያት ማለቱ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ከገበሬ ጎተራ የወጣ ነው። እህል ሲቆይ ነቀዝ ይበላዋል፤ ያልተነገረ ቃል ግን ቢከርምም ደኅና ነው። ሕግም ለዝምታ ቦታ ሰጥቷል፦ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ለተያዙ ሰዎች ያለመናገር መብት ሰጥቷል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዝምታ ይጠልቃል። ከግእዙ «አርመመ» የመጣው «አርምሞ» በጸሎት ውስጥ ያለ ዝምታን ያመለክታል። ከዐሥሩ የቅድስና መዓርጋት የመጀመሪያው ጽማዌ፣ ማለትም ዝምታ ነው። ሁለተኛው ልባዌ፣ የልብ ማስተዋል ሲሆን፣ ሦስተኛው ጣዕመ ዝማሬ ይባላል። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባል፤ የዝማሬን ጣዕም የሚያገኘው አስቀድሞ አንደበቱን የገታ ነው።

ዝምታን በዓይን ለማየት ወደ ላስታ መሄድ ይሻላል። ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ባሉት ተራሮች፣ በጽድ ደን መካከል፣ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሰፊ ዋሻ ውስጥ ቆማለች። ያሠራት ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠውና ቅስናን ከንግሥና ጋር የያዘው የዛግዌው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ ስሙ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ግድግዳዋ በአክሱም ዘዴ ጥቁር እንጨትና ነጭ ልስን እየተፈራረቁበት ተሠርቷል። ከላይ ያለው የዋሻው ጣራ ዝናቡንም ፀሐዩንም ይከልላል፤ የውጭው ዓለም ድምፅ እዚያ ሲደርስ ይደክማል።

ከሕንፃው በስተኋላ፣ ወደ ዋሻው ጨለማ በኩል፣ የብዙ ሰዎች አፅምና በድን በግልጥ ተጋድሟል። በአካባቢው ትውፊት ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው። በዚያ ስፍራ ማንም ማንንም «ዝም በል» ማለት አያስፈልገውም።