ቀለበቷን ያላወለቀችው

ራጅ ክፍል ስሠራ አፌ የለመደው ቃል «እማማ፣ የአንገትዎን ያውልቁልኝ» ነበር። ማተቡ ክር ነው፤ ችግሩ የብር መስቀሉ ነው፤ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ሳንባውን ይጋርዳል። እናቶች አውልቀው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩታል እንጂ ጠረጴዛ ላይ አያኖሩትም።

የሮንትገን ሚስት በርታ ግን አላወለቀችም። ባሏ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በጀርመን ቩርዝቡርግ የራጁን ጨረር አገኘ፤ ዲሴምበር 22 እጇን አነሣው። ያኔ ዝግጅት ብሎ ነገር የለም፣ እጅን ሳያንቀሳቅሱ መታገሥ ብቻ። ምስሉ ላይ ከአጥንቷ ይልቅ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ቀለበቷ ነው።

ኤም አር አይ ሲመጣ የማውለቁ ነገር ከረረ፤ ማግኔቱ ብረት ይስባል። እባክዎ፣ የጸጉር ማስያዣዎንም ውጭ ይተዉት።